የሞቱትን ቆጠርን፤ የሳሉትን ማን ቆጠረ?

በየዓመቱ የካቲት 12 እና ሚያዝያ 27 ሲደርሱ አንድ ዓይነት ንግግር እንሰማለን። ፋሺስት ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝ ረጨብን፣ አባቶቻችን ግን አልተንበረከኩም። ከዚያ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ንግግሩ ውሸት የለበትም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። ጋዙን የአንድ ቀን ነገር ያደርገዋል። አውሮፕላኑ መጣ፣ ረጨ፣ ሄደ፤ የሞተው ሞተ፣ የተረፈው ተረፈ። እኛ ዛሬ የምንጣላው ከዚህች "ተረፈ" ከምትባል ቃል ጋር ነው። ከሰናፍጭ ጋዝ እንዲህ በቀላሉ አይተረፍም።

ለመሆኑ የተረጨው ምን ነበር?

ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ሽታው ሰናፍጭ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ጣሊያኖቹ ኢፕሪት ይሉታል። ክፋቱ ሲነካ ወዲያው አለማቃጠሉ ነው። የነካው ሰው ለሰዓታት ምንም ላይሰማው ይችላል። ከዚያ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ዓይኑ ያብጥና ይከደናል፣ ጉሮሮው ይቃጠላል። ማርከሻ መድኃኒት ያኔም አልነበረውም፣ ዛሬም የለውም።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የወረደው ይህ ነው። ሲ 500 ቲ የሚባለው አንዱ ቦምብ ብቻ 212 ኪሎ ገደማ ፈሳሽ ይይዝ ነበር። ቀጥሎ በአምባ አራዳም፣ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ፣ በደቡብም በኦጋዴን ግንባር ወረደ። ኢጣሊያ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ ነበር። ከሠራዊታችን ብዙው ባዶ እግሩን ነው የዘመተው። ፈሳሹ የነካውን ሣር ረገጠ፣ ፈሳሹ የወረደበትን ወንዝ ጠጣ። የቀይ መስቀሉ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ቆረም ላይ ያየውን በመጽሐፉ ጽፏል። ጃንሆይም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለዓለም ተናግረዋል። በ1928ም አላበቃም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ ውስጥ ከነቤተሰባቸው በተጠለሉ አርበኞች ላይ ይኸው መርዝ ገብቷል።

እዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የማናውቀው።

"የተረፈው" ሰው ምን ሆነ?

ሰናፍጭ ጋዝ የሴሎችን ዘረመል፣ ዲኤንኤውን ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ ቁስሉ ቢደርቅም ነገሩ አያልቅም። በሳንባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ሰውየው ለዕድሜ ልኩ ያስላል፣ አክታ ያወጣል፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠቁራል ወይም ይነጣል፣ ሌሊት ሌሊት ያሳክከዋል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ይከተሉታል። የዓይኑ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አንዳንዱ ሰው ዳነ ተብሎ፣ አርሶ፣ ወልዶ፣ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ የዓይኑ ብሌን እንደገና ይቆስልና ማየት ያቆማል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም ሰናፍጭ ጋዝን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ይህን ሁሉ ዓለም እንዴት አወቀ? ተጎጂዎቹን መዝግቦ በመከታተል ነው። ጃፓን ውስጥ በኦኩኖሺማ ደሴት ጋዙን ያመርቱ በነበሩ ሠራተኞች ላይ የሳንባና የጉሮሮ ካንሰር መብዛቱ በ1968 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ታወቀ። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 60 ሺህ በሚጠጉ የራሷ ወታደሮች ላይ ጋዙንና መሰሎቹን ሞክራ፣ ምስጢር እንዲጠብቁ አስምላቸው ነበር። በ1993 (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ኢንስቲትዩቷ በሽታዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ አወጣ፤ በእነዚያው ዓመታት መንግሥቱ ለተጎዱት የካሳ በር ከፈተ። ኢራን ከኢራቅ ጋር ባደረገችው ጦርነት፣ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ሰርደሽት የምትባለውን ከተማ ጨምሮ፣ በጋዙ የተጎዱባትን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች መዝግባ ለአሥርተ ዓመታት ተከታትላለች። ስለ ዓይኑና ስለ ሳንባው ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከእነሱ መዝገብ ነው። በቴህራን የሰላም ሙዚየም ጎብኚውን ተቀብለው የሚያስረዱት ተጎጂዎቹ ራሳቸው ናቸው።

እኛስ? እኛ ከእነዚህ ሁሉ ቀድመን ተረጭተን መዝገብ አልከፈትንም።

በጎችና ግመሎች ተቆጥረው ነበር

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለታላላቆቹ መንግሥታት የጉዳት ዝርዝር አቅርቧል። 760,300 ሰው መሞቱን በሰባት ክፍል ከፋፍሎ አስፍሯል፤ በጦር ሜዳ የወደቀ፣ በአየር ድብደባ የሞተ፣ በየካቲት 12 የተጨፈጨፈ፣ በእስር ያለቀ እያለ። 525,000 ቤት፣ 2,000 ቤተ ክርስቲያን፣ 7 ሚሊዮን በግና ፍየል፣ 700,000 ግመልም ተቆጥሯል። መቆጠሩ ተገቢ ነው፤ አንከራከርም። ግን ጋዙ ነክቶት ሳይሞት የቀረው ሰው፣ ቀስ እያለ ዓይኑን የሚያጣው፣ ቀስ እያለ ትንፋሹ የሚያልቀው ሰው በሰባቱ የሙታን ክፍሎች ውስጥ አይገባም። ምክንያቱም ገና አልሞተም ነበር!

በ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰላም ውል ኢጣሊያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍለን ተወሰነ። በኋላ ተደራድረን የካሳው ገንዘብ የቆቃን ግድብ ሠራ። ግድቡ ጥሩ ነው፣ ለሀገር መብራት ሰጥቷል። ዓይነ ብርሃኑን በጋዝ ላጣው ገበሬ ግን ምን ሰጠው?

ታዲያ ያ ገበሬ የት ጠፋ? በሌላ በሽታ ስም ተሸፍኖ ጠፋ። በትራኮማ በተጠቃ አገር ዓይኑ የደከመ ሰው "ትራኮማ ነው" ይባላል። ነቀርሳ በበዛበት አገር የሚያስል ሰው "ነቀርሳ ነው" ይባላል። የሚያሳክከው "ምች መታው" ይባላል። ሐኪም ቤት ለመድረስ የታደለውንም "በ1928 የት ነበርክ?" ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ እውነቱ አይወጣም። ሐኪም ምን እንደተረጨ ካላወቀ ምን እንደሚሆን ራሷ ኢጣሊያ አይታዋለች። በ1943 (እ.ኤ.አ.) ባሪ ወደብ ላይ ጆን ሃርቬይ የተባለ የአሜሪካ መርከብ ከነጫነው የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ በጀርመን አውሮፕላኖች ተመታ። ሐኪሞቹ ስላልተነገራቸው መርከበኞቹን በመርዝ ከራሰ ልብሳቸው ጋር በብርድ ልብስ ጠቀለሏቸው። ከ600 በላይ ሰው ሆስፒታል ገባ፣ ከ80 በላይ ሞተ። ምስጢሩ ለዓመታት ተደበቀ።

የካደው ማን፣ የረሳው ማን?

የኢጣሊያ መንግሥት ጋዙን መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ ያመነው በ1988 ዓ.ም. (1996 እ.ኤ.አ.) ነው፤ 60 ዓመት ቆይቶ! ለዚያውም እንደ አንጄሎ ዴል ቦካ ያሉ የገዛ አገሩ የታሪክ ሰዎች ለዓመታት ተሰድበው ስላላረፉ ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት። ይህን አንረሳም።

ግን "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" ነበር ተረታችን። እኛ ተረቱን ገለበጥነው። የተወጋን ሆነን ረሳን። ካጅን መውቀስ ቀላል ነው። ካጁ በሸፈነው ጊዜ ሁሉ የራሳችንን ሰው ምን ያሳልሃል ብለን አለመጠየቃችን ግን የጣሊያን ጥፋት አይደለም። ንጉሡ አልፈዋል፣ ደርግ አልፏል፣ ኢሕአዴግ አልፏል። ሁሉም አርበኛውን ለንግግር ማሳመሪያ ወደደው፤ ሳሉን የጠየቀለት የለም።

"አሁን ሁሉም ሞተዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል?" የሚል እንዳለ እናውቃለን። እውነት ነው፣ በ1928 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ በሕይወት ካለ 100 ዓመት አልፎታል። ልጆቹ ግን አሉ፤ ሰባ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው። አባታቸው ሌሊት ሲስል ጎኑ የተኙ፣ እናታቸውን በበትር የመሩ ልጆች። የመጨረሻዎቹ ምስክሮች እነሱ ናቸው። ከ10 ዓመት በኋላ እነሱንም አናገኛቸውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሐውልት አይደለም፤ ሐውልት አላነሰንም። መቀሌ፣ ወሎ፣ ጎንደርና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዎች ጋዙ ከወረደባቸው ቦታዎች ሩቅ አይደሉም። የታሪክና የሕክምና ተማሪ አንድ ላይ ሆኖ ደብተር ይዞ ይውጣ። ማን ሳለ? ማን ታወረ? በስንት ዓመቱ? የት ነበር? የሆስፒታሎችና የሚሲዮን ክሊኒኮች አሮጌ መዛግብት በምስጥ ሳይበሉ ይታዩ። የኢጣሊያ ጦር መዛግብትም የትኛው ቀን የት መንደር እንደተረጨ በሚናገሩት በኩል ከዚህ ጋር ይገጣጠሙ። ዓለም የኬሚካል ጦርነት ተጎጂዎችን የሚያስበው ኅዳር 30 በፈረንጅ ነው፤ የእኛ ኅዳር ጽዮን። ሕዝብ በተሰበሰበበት በዚያ ቀን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ከባድ አይደለም።

እስከዚያው ግን የዘንድሮውም ተናጋሪ "የተረፉት" ሲል ከሰማችሁ እጃችሁን አውጡና ጠይቁልን፦ ተርፈው ስንት ዓመት ሳሉ?