ምስክሩ በሸሸበት በኩል

የጦርነት ዘገባ ሲነቀፍ ክሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በሐሰት ላይ ነው፤ ነገር ግን ወገንተኝነት፣ ማለትም የአንዱን ወገን በደል አጉልቶ የሌላውን ማደብዘዝ፣ እያንዳንዱ ቃል እውነት በሆነበት ዘገባም ውስጥ ሊያድር ይችላል፤ ምስክሩ የሸሸበት አቅጣጫ ብቻውን ዘገባውን ያዘነብለዋልና።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሥቶ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ጋዜጠኛ እንዳይገባ ሲከለከል፣ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ወሬውን የለቀሙት ተከዜን ተሻግረው ሱዳን ውስጥ ሐምዳይት ከደረሱትና በኋላም በገዳሪፍ ግዛት ኡም ራኩባ መጠለያ ከሰፈሩት ስደተኞች ነበር። ስለ ጥቅምት 30ው የማይካድራ ከተማ ጭፍጨፋ ከመጠለያው የተሰማው የትግራይ ተወላጆች በአማራ ኃይሎች መጠቃታቸው ሲሆን፣ በከተማዋ ከቀሩት የተሰማው ደግሞ የአማራ ተወላጆች ማለቃቸው ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ሪፖርት፣ ሳምሪ የተባለው የትግራይ ወጣቶች ቡድን ከ200 በላይ አማሮችን መግደሉን፣ ቀጥሎም የትግራይ ተወላጆች በበቀል መገደላቸውን አረጋግጠዋል። ጥፋቱ የስደተኛው አልነበረም፤ ያየውን ተናግሯል፤ ግማሹን ምስክርነት እንደ ሙሉ ያተመው አዘጋጅ ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም። ማይካድራን በየዕለቱ እያነሡ፣ ኮሚሽኑ ራሱ በአክሱም ከ100 በላይ ሲቪሎች ማለትም በውጊያ የማይሳተፉ ሰዎች መገደላቸውን በመጋቢት 2013 እስኪያስታውቅ ድረስ ስለዚያ ግድያ ዝም ያሉት የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም እንዲሁ።

በሱዳን ጦርነትም ያው ተደግሟል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር የሚዋጋው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል የጀዚራ ግዛት አዛዥ አቡ አቅላ ኬይከል ወደ ሠራዊቱ ሲከዳ፣ ኃይሉ በምሥራቅ ጀዚራ መንደሮች ላይ የበቀል ጥቃት ከፈተ፤ በሲሬሃ መንደር ብቻ ቢያንስ 124 ሰዎች መገደላቸው ተዘገበ፤ የተረፉትም በሠራዊቱ ቁጥጥር ሥር ወዳሉት ገዳሪፍ፣ ከሰላና ኒው ሀልፋ ጎረፉ። ምስክርነታቸው እውነተኛ ከመሆኑም በላይ ለሠራዊቱ ደጋፊ መገናኛ ብዙኃን የተመቸ ስለነበር በሰፊው ተሰማ። ሠራዊቱ በጥር 2017 ዋድ መደኒን መልሶ ሲይዝ አጋሮቹ በካምቦዎች፣ ማለትም በአብዛኛው ከምዕራብና ከደቡብ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች፣ በፈጸሙት ግድያ ጊዜ ግን ሠራዊቱ ድርጊቱን የግለሰቦች ጥፋት ብሎ አሳነሰው፤ ለጥቅምቱ ጥቃት ያን ያህል የጮኹት ጣቢያዎችም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ከኒው ሀልፋ የሚዘግብ ጋዜጠኛ የምስክሮቹን ስም ለደኅንነታቸው ሲል ሊደብቅ ይችላል፤ ሊደርስባቸው ያልቻላቸው መንደሮች ስም ግን ከዘገባው ጋር አብሮ ይጻፍ።