የጎማው አውሬ

በዚህ ሳምንት የምናወራው ስለ አንድ የቆየ ፊልም ነው። ዛሬ ፊልም በስልክም ይታያልና ልጆች ሳናውቅ ሊያዩት ይችላሉ።

ፊልሙ ጎድዚላ ይባላል። የተሠራው በጃፓን አገር ነው። ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1954 ነበር። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ሰው አስቦ የፈጠረው ማለት ነው።

አንድ አውሬ ከባሕር ይወጣል። ቁመቱ 50 ሜትር ነው። ሠላሳ ሰው አንዱ በሌላው ራስ ላይ ቢቆም ያን ያህላል! ቶኪዮ የምትባለውን ከተማ ይረግጣል፤ በትንፋሹም ያቃጥላል። አንዲት እናት በእሳት መካከል ልጆቿን አቅፋ ትታያለች። እኛ እንደሚመስለን፣ ልጅን ከአውሬው ይልቅ የምታስፈራው ይህች እናት ናት።

ታዲያ አውሬው ምንድን ነው? ሰው ነው እኮ! ሐሩኦ ናካጂማ የተባለ ተዋናይ የጎማ ልብስ ለብሶ ነው። ልብሱ አንድ ኩንታል ያህል ይከብድ ነበር። ከተማዋም የእውነት ከተማ አይደለችም። ትንንሽ ቤቶች ሠርተው ነው ያስረገጡት። ጩኸቱስ? ከመሰንቆ በጣም የሚበልጥ፣ ባለ ክር የፈረንጅ የሙዚቃ መሣሪያ አለ። ክሩን በቆዳ ጓንት አሽተው ነው ያን ድምፅ ያወጡት።

ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ ብንነግረው ይስቃል፤ ፍርሃቱም ይቀንሳል። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ብዙ አይጠቅምም። ሕፃን ያየውን ነገር እውነት ነው ብሎ ይይዛል። ስለዚህ ፊልሙን ማጥፋት፣ ሕፃኑን ማቀፍ፣ ሌሊትም አጠገቡ መሆን ይሻላል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» ብሎ መቆጣት ፍርሃቱን ያስደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። «ዝም በል፣ አውሬው ይመጣል» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። ድሮም አያ ጅቦ መጣ እያልን ስንቱን ልጅ አስፈራርተን አስተኝተናል!

ትልልቆቹ ልጆች ሌላ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሰዎቹ ይህን ፊልም ለምን ሠሩት? ይላሉ። መልሱ እንዲህ ነው። በዚያው በ1954 ዓመት፣ ማርች 1 ቀን፣ አሜሪካ ቢኪኒ በተባለ የደሴቶች ስፍራ ከባድ ቦምብ ሞከረች። ቦምቡ ሃይድሮጂን ቦምብ ይባላል። በባሕር ላይ 23 ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች በአንድ ጀልባ ነበሩ። ነጭ አመድ ወረደባቸው። አመዱ መርዝ ነበረና ሁሉም ታመሙ። አንዱ በሴፕቴምበር ወር ሞተ። ፊልሙ የታየው ከዚያ በኋላ፣ በኖቬምበር ነው። ሲጀምርም የሚጠፋው አንድ ጀልባ ነው። የጃፓን ሰዎች ይህን ሲያዩ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል።

እንግዲህ ልጁ «ይህስ እውነት ነው?» ቢል፣ አውሬው የጎማ ነው፣ አመዱ ግን በእውነት ወርዷል እንለዋለን።