«ሁሉ ያውቀዋልና አይጻፍ» ለሚሉ የተሰጠ መልስ

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ንብረቱን የሚያጣው ሌባ ሲሰርቀው ብቻ አይደለም፤ «የት ይሄዳል» ብሎ ሲተወውም ነው። ይህን ቃል ያስጻፈኝ ባለፈው የፋሲካ ሰሞን በወልድያ ከተማ ከዘመዶቼ ጋር ተሰብስበን ሳለ የተነሣ ክርክር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘመዶቻችን አንዱ፥ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት፥ ስለ አገራችን ዜማዎች ለኢንሳይክሎፒዲያ፥ ማለት ለመዝገበ ዕውቀት፥ የሚሆኑ አጫጭር ጽሑፎችን ያዘጋጅ ነበር። ከዝርዝሩም ራስ ላይ የትንሣኤውን ዝማሬ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን»ን አስፍሮት ነበር። በዕድሜም በትምህርትም የሚበልጡን አንድ አባት ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና፥ «ልጄ፥ ይህን ሰርዘው። ስለ ፋሲካ ስትጽፍ በአንድ መስመር ብታነሣው ይበቃዋል፤ ለብቻው አንቀጽ አይገባውም» አሉት። ልጁም አክብሮ ሰረዘው። እኔ በዚያ ሰዓት ዝም አልሁ። ዝምታዬ ግን ወደ መርሳ ስመለስ በመንገዱ ሁሉ ሲከሰኝ ሄደ። እነሆ፥ ያን ጊዜ ያልመለስሁትን አሁን እመልሳለሁ።

እኚህ አባት ያቀረቧቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። የተከራካሪን ቃል አሳንሶ መርታት ጀግንነት አይደለምና፥ ሦስቱንም በሙሉ ኃይላቸው አቀርባቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያት፥ «ሁሉ ያውቀዋል፤ የታወቀን ነገር መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። በእውነትም ሁሉ ያውቀዋል። ሃምሳ አምስቱ የጾም ቀን ተፈጽሞ፥ ቅዳም ሹር ካህናቱ ቀጤማውን አድለው፥ ሌሊት ጧፍ በርቶ ካህኑ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፥ በሀብሩ ገጠር ፊደል ያልቆጠረችው ባልቴት እንኳ ተቀብላ ትመልሳለች። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር የሚኖር ስለ ሆነ፥ እስላሙ ጎረቤታችንም በዶሮ ጩኸት ሰዓት ድምፁን ሰምቶ «ጾማቸው ተፈታ» ይላል። ዝማሬውን ሳይዘምረው ያውቀዋል ማለት ነው።

ዳሩ ግን፥ ምኑን ነው የምናውቀው? ቃሉ በየትኛው ዘመን በተጻፈ መጽሐፍ መጀመሪያ ይገኛል? ካህኑ የሚለውና ሕዝቡ የሚመልሰው እንዴት ተከፈለ? ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳውን ቀን ሙሉ እየተደጋገመ የሚባለው ስለ ምን ነው? ሰላምታ ነው ወይስ አዋጅ? ዜማው ከግዕዝ፥ ከዕዝልና ከአራራይ በየትኛው ይመደባል? ይህን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን አንገታችንን እንደፋለን። እንግዲህ የምናውቀው ድምፁን ነው እንጂ ነገሩን አይደለም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፥ «አጭር ነው፤ ደራሲውም በማስረጃ አይታወቅም» የሚል ነው። ለዚህ መልሱን ከሌሎች አገሮች እናምጣ። እንግሊዞች በትንሣኤ ቀን የሚዘምሩት «ኢየሱስ ክርስቶስ ዛሬ ተነሣ» የሚለው መዝሙር በ1708 እ.ኤ.አ. «ሊራ ዳቪዲካ» በተባለ መጽሐፍ በለንደን ታተመ። ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ማን እንደ መለሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሆኖም ስለ እርሱ ብዙ ተጽፎአል። «ቪክቲሜ ፓስካሊ» የተባለውን የላቲን የትንሣኤ ዝማሬ በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረ ቪፖ የሚባል ካህን እንደ ደረሰው ይነገራል፤ ይህም ሳይቆርጥ የሚያከራክር ነው፤ ክርክሩ ራሱ ግን በየመዝገቡ ተጽፎአል። የግሪኮቹም «ክሪስቶስ አነስቲ» ርዝመቱ ሁለት ሦስት መስመር ቢሆን ነው፤ በዓለም ታላላቅ ቋንቋዎች ግን ለብቻው አንቀጽ አለው።

ከግሪኩ ጋር ብናስተያየው ደግሞ የእኛው ምን ያህል ሊመረመር የሚገባው እንደ ሆነ ይገለጣል። ሁለቱም የሚጀምሩት በአንድ ዐሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የግሪኩ ሞት በሞት እንደ ተረገጠ ይናገራል። የእኛው የሰይጣንን መታሰርና የአዳምን ነፃ መውጣት ካወጀ በኋላ በሰላምና በደስታ ይፈጽማል። አባቶቻችን በአንድ በር ገብተው ስለ ምን በሌላ በር ወጡ? ይህ ጥያቄ ብቻውን አንድ አንቀጽ አይሞላምን?

ስለ ማጠሩም ሩቅ ሳንሄድ የወሎን ምድር እንመልከት። አምባሰልና ባቲ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ዛሬ ግን ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር የቅኝት ስም ሆነው፥ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በሚጻፉ የውጭ መጻሕፍት ሳይቀር ይነበባሉ። አንድ ቅኝት የአምስት ድምፅ ሥርዓት ነው፤ አምስት ድምፅ አጭር ነው ተብሎ ግን አልተናቀም። የነገር ክብደት በክንድ አይለካምና።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የበረታ ነው። «መዝገበ ዕውቀት ሌሎች ጽፈው ያረጋገጡትን ይሰበስባል እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ ስለዚህ ዝማሬ በሰፊው የጻፈ ሳይኖር አንቀጽ ቢወጣለት ወሬ ይሆናል» ይላል። በዚህ ላይ እኚህ አባት ግማሽ እውነት አላቸው። ማስረጃ የሌለው ውዳሴ አንቀጽ አይባልም። ይሁን እንጂ፥ መጀመሪያ ይጽፍ ዘንድ የሚገባው ማን ነበር?

እውነቱን ልናዘዝ። መርሳ እንደ ደረስሁ፥ ከልጁ እኔ እሻላለሁ ብዬ፥ አንቀጹን ራሴ ልጽፈው ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ሁለት መስመር ጽፌ በሦስተኛው ቆምሁ። ስልሳ ጊዜ ፋሲካን ያከበርሁ ሰው፥ በልጅነቴ ዳዊት የደገምሁ ሰው፥ ሦስተኛ መስመር አጣሁ። በማግሥቱ በሀብሩ ገጠር ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ሄጄ ጥያቄዎቼን ዘረዘርሁላቸው። ለእኩሌቶቹ አሳምረው መለሱልኝ፤ ለእኩሌቶቹም ሳያፍሩ «አላውቅም» አሉ። ስሰናበታቸው፥ «ይህን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። ይህ ቃል ከወቀሳ ይልቅ ወጋኝ። እንግዲህ «የተጻፈ ማስረጃ የለም» የምንለው፥ ጠያቂ ስለ ጠፋ ነው እንጂ መላሽ ስለ ጠፋ አይደለም።

ሌሎች ግን ጠይቀዋል። በሀምቡርግ የተሰናዳው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ» ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ በእንግሊዝኛ ታተመ። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጀፍሪ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ያዘጋጁት ሦስት ቅጽ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ወጣ። ብራና መጻሕፍታችንን በፎቶግራፍ የማንሣቱ ሥራ በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያሉትም በውስጡ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች «ሁሉ ያውቀዋል» ብለው አልተቀመጡም።

ከእኛም ወገን አርኣያ አልጠፋም። የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ውጥን ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀበሉ፤ እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራውን ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራ ሰጡ፤ መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። የሦስት ሰዎች ዕድሜ ለአንድ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው። ከእነርሱ አንዱ «ግዕዝን ካህን ሁሉ ያውቀዋል» ብሎ ቢተወው ኖሮ ዛሬ ምን እንገልጥ ነበር?

ጊዜም አይጠብቀንም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነት በወልድያና በመርሳ ላይ ሲያልፍ ምን ያህል ንብረት እንደ ጠፋ አይተናል፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ከዝርፊያ አልተረፈም። የተዘረፈ ወንበር ይተካል። በአንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ ብቻ ያለ ትምህርት ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

ለአንቀጹ የምከራከር ሰው ነኝና የራሴንም ወገን ልገሥጽ። ከእኛ መካከል መመርመር ሲያቅተው ሁሉን ለቅዱስ ያሬድ ሰጥቶ የሚያርፍ አለ። የ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የዜማችን አባት መሆኑን ትውፊታችን ያስተምራል፤ የዜማ ምልክቶችንም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንዳበጁት ይነገራል። ትውፊቱን ትውፊት፥ ማስረጃውን ማስረጃ፥ ያልታወቀውን ያልታወቀ ብሎ መጻፍ ለቅዱሱ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ደግሞም መዝገበ ዕውቀት የጸሎት መጽሐፍ አይደለምና፥ በዚህ በር ዝማሬያችን ሲገባ የወሎ እስላም ወንድሞቻችን መንዙማም በዚያው በር ሊገባ ይገባዋል። ለራሱ ብቻ በር የሚከፍት ሰው ዕውቀትን ሳይሆን ወገኑን ነው የወደደው።

እንግዲህ «ይገባዋልን?» ለሚለው መልሴ ይህ ነው። በመዝገብ መጻፍ ለዝማሬው ሹመት አይደለም፤ ሳይጻፍም በየዓመቱ ሌሊቱን ያበራዋል። በመዝገብ መጻፍ በእኛ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ይገባዋልን ተብሎ የሚጠየቀው ዝማሬው ሳይሆን፥ ከፍለናልን ተብለን የምንጠየቀው እኛ ነን።

ለልጁ ወረቀቱን መልሼ ልኬለታለሁ፤ የሰረዘውንም ስም በእጄ ጽፌበታለሁ። ከሥሩ መሪጌታው የመለሱልኝን አስፍሬ፥ «አላውቅም» ላሉት ባዶ ቦታ ትቻለሁ። አንባቢ ሆይ፥ በአጥቢያህ ከባዶው ቦታ አንዱን የሚሞላ ሽማግሌ አለና፥ ሳይመሽ ሄደህ ጠይቀው።