የነጭ ዓሣ ክረምት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ወተት ዓባይ ሲደርስ የግልገል ዓባይን ድልድይ ይሻገራል። ወሩ ነሐሴ ከሆነ ወንዙ ሞልቶና ደፍርሶ ያየዋል እንጂ ከጣና የወጣ መንገደኛ እንዳለበት አያስብም። መንገደኛውም ነጭ ዓሣ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በገበያ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት ይምሰለን እንጂ ሊቃውንት ሲመረምሩት 15 ያህል ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከእነርሱ ግማሽ ያህሎቹ ክረምት ሲገባ በወንዝ አፍ ይሰበሰቡና ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ባለበት ውሃ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በወንዙ አፍ መረብ ዘርግቶ የጠበቀ ሰው ብዙ ሳይደክም ያገኛል፤ በብርብራ ፍሬ ዱቄት አደንዝዞ የሚይዝም አለ። የፍልሰታ ጾምም በዚሁ ወር ስለሚውል በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። በ1978 ዓ.ም. በሞተር ጀልባ ማስገር ከተጀመረ ወዲህ፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በሐይቁ ደቡብ በኩል የነጭ ዓሣ ብዛት በክብደት ሲመዘን ከመቶ 75 እጅ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ገልጸዋል።

መድኃኒቱን ከሩቅ አገር እንመልከት። በማዳጋስካር ዳርቻ አንዳቫዶአካ የምትባል መንደር አለች። ሰዎቿ ኦክቶፐስ የተባለውን ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ እያጠመዱ ይኖራሉ። በ1997 ዓ.ም. አንዱን የማጥመጃ ሥፍራ ለ7 ወር ያህል ዘግተው ቆዩ። በከፈቱት ጊዜ ትልልቅ ኦክቶፐስ አገኙ፤ እንስሳው ፈጥኖ ያድጋልና። ይህን ያዩ ሌሎች መንደሮችም ተከተሏቸው።

የኛ ነጭ ዓሣ ግን እንዲህ ፈጣን አይደለም። ኦክቶፐስ አንድ ጊዜ ዕንቁላል ጥላ ትሞታለች፤ ነጭ ዓሣ ግን ለመራባት ዓመታት ትቆያለች፤ ከዚያም በየክረምቱ ትመለሳለች። በወንዝ አፍ የተያዘች አንዲት እናት የብዙ ክረምት ዘር ይዛ ትጠፋለች ማለት ነው። ስለዚህ ለጣና የሚያስፈልገው ሐይቁን መዝጋት ሳይሆን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹን አፍ መተው ነው። አስጋሪውም የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉትና እስከዚያው ከሐይቁ መካከል ቆሮሶና አምባዛ ቢይዝ ቤቱ አይራብም።

ስለ ዓሣ ሀብት አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። አዋጅን ከወረቀት አውርዶ ከወንዝ ዳር የሚያደርሰው ግን በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ነው። የጎጃም ገበሬ ቢቸግረው እንኳ የዘር እህሉን ለመንካት ያመነታል። ይህንኑ ልማድ ወደ ውሃው እንውሰደው።