ጤና አዳሙን ተዉት
ከመንገድ ዳር የተገዛ ጤና አዳም ከጥቁር ፕላስቲኩ ወጥቶ አዲስ መትከያ ውስጥ በገባ ማግስት አንገቱን ሲደፋ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ውሃ ይደፋበታል፣ ሌላው ፍግ ይጨምርለታል፣ ሦስተኛው «ፀሐይ አጥቶ ነው» ብሎ በረንዳ ላይ ያሰጣዋል። በእኔ እምነት በኮንዶሚኒየም በረንዳዎቻችን ላይ ብዙ ተክል የሚሞተው በዚህ ርኅራኄ ነው። ተክሉ ከቦታው ሲነሳ ውሃ የሚስቡት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ቅጠሉ ግን እንደ ወትሮው እርጥበት ማትነኑን አያቆምም። የጎደለው ውሃው ሳይሆን ጠጪው ነው። እርጥብ አፈር ላይ ውሃ መጨመር የተረፈውን ሥር አየር ነስቶ ያበሰብሰዋል፤ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ጨውም የቆሰለውን ሥር ያቃጥላል። 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለችው የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ደግሞ፣ በተለይ ከበጋው ደረቅ ነፋስ ጋር፣ ለጤነኛውም አትራራም። ስለዚህ ብርሃን ያለው ጥላ ስጡት፤ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጋችሁ ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት፤ የመትከያው ታች ቀዳዳ ከሌለው (ያ የሚያምረው የሴራሚክ ዕቃ ብዙ ጊዜ የለውም) የቀረው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። ጥቂት ቅጠል ቢረግፍም አትደንግጡ፣ ሸክሙን እያቀለለ ነው። አዲስ ቡቃያ ብቅ እስኪል ማዳበሪያውን ቆልፉበት፤ ከተቻለም አዛኝ ጎረቤት እንዳያጠጣው ከዓይን ራቅ ያለ ጥግ ፈልጉለት።