አረፋ የበዛበት ሁሉ ጥራት ያለው ምርት አይደለም

በአጋርፋም ሆነ በሮቤና በጎባ ገበያዎች ሻምፖ ወይም ፈሳሽ ሳሙና የሚገዛ ሰው ምርቱን በአረፋው ብዛት ሊመዝነው ይችላል። ሆኖም ቅባትንና እድፍን የሚያላቅቀው አጣቢው ንጥረ ነገር ነው፤ አረፋው እንዲበዛና ቶሎ እንዳይጠፋ የሚደረገው ግን በተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ነው።

ከእነዚህ አንዱ ኮካማይድ ዲኢኤ ይባላል። የሚዘጋጀው ከኮኮናት ዘይት የሚገኙ የስብ አሲዶችን ዳይኤታኖላሚን ከተባለ ኬሚካል ጋር በማዋሃድ ሲሆን፣ አረፋ ከማብዛቱ ባሻገር ፈሳሹን ያወፍራል። በዝግጅቱ ወቅት ሳይዋሃድ የሚቀር ዳይኤታኖላሚን መኖሩ የደኅንነት ጥያቄ አስነስቷል።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው 101ኛ ቅጽ ንጥረ ነገሩን በምድብ 2ቢ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት ጋር መድቦታል። ውሳኔው የተመሠረተው ቆዳቸው በተቀባ አይጦች ላይ በታየ የጉበትና የኩላሊት ዕጢ ነው። ምድቡ ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያሳያል እንጂ፣ በሻምፖ የታጠበ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ንጥረ ነገሩን አልከለከለም፤ በምርቱ ውስጥ የሚገኘው እንደ ዳይኤታኖላሚን ያለ አሚን ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥና ካንሰር አምጪ ናይትሮሳሚን ከሚፈጥሩ ውህዶች ጋር እንዳይቀላቀል ግን ገደብ ጥሏል።

እንዲህ ያለ ገደብ ተጠቃሚውን የሚጠብቀው የምርቱ ይዘት ሲታወቅ ብቻ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ ፈሳሽ ሳሙና ምን ንጥረ ነገር በምን መጠን እንደያዘ ገዢው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከንጥረ ነገሩ ስም ይበልጥ የሚያሳስበው ስም አልባው ጠርሙስ ነው።

በመሆኑም ኅብረተሰቡ፦

• የአምራቹ ስም፣ የንጥረ ነገሮች ዝርዝርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ያልተጻፈበትን ምርት ከመግዛት እንዲቆጠብ፤
• በዝርዝሩ ውስጥ «ኮካማይድ ዲኢኤ» ወይም «ላውራማይድ ዲኢኤ» ካለ፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ሌላ ምርት እንዲመርጥ፤
• የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናን ለገላና ለጸጉር እንዳይጠቀም፤
• ከታጠበ በኋላ በብዙ ውኃ እንዲለቃለቅ፤
• ማሳከክ፣ መቅላት ወይም ሽፍታ ከታየ መጠቀሙን አቁሞ፣ ምርቱን ከነመያዣው ይዞ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ይመከራል።

የኮስሞቲክስን ደኅንነትና ጥራት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነው። አጠራጣሪ ምርት ያጋጠመው ተገልጋይ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይችላል።