ሳይንስና ኑሮ፦ ጦስኝ በዶሮ መኖ ውስጥ

በግቢያቸው ሃምሳ የሥጋ ዶሮዎች የሚያረቡ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አንባቢያችን «የጦስኝ ዘይት መኖ ውስጥ ቢጨመር ዶሮን ያለ መድኃኒት ያሳድጋል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ቅጠሉን ወቅጬ ብጨምረው አይበቃም ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ለፊተኛው ጥያቄ መልሳችን «በመጠኑ» የሚል ነው። የኋለኛው ግን ጥቂት ሐተታ ያሻዋል።

ነገሩ የጀመረው ከጦስኝ ሳይሆን ከመድኃኒት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለጫጩቶች የሚሆን የቪታሚን ቢ12 ምንጭ ይፈልጉ ነበር። ኦሪዮማይሲን የተባለው መድኃኒት ከተመረተ በኋላ የሚቀረውን አተላ ቢያበሏቸው ጫጩቶቹ ከተጠበቀው በላይ አደጉ። ለካስ አተላው ውስጥ ጥቂት መድኃኒት ቀርቶ ኖሯል! ወሬው በ1950 ከተሰማ ወዲህ ያልታመመውን ዶሮ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ አንቲባዮቲክ ማብላት በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ሆነ።

ጥቂት መድኃኒት ግን ደካማውን ተሐዋሲ ገድሎ ብርቱውን ይተወዋል። ብርቱው ይራባል፤ መድኃኒቱን የመቋቋም ችሎታውንም ለሌሎች ያስተላልፋል። ከዶሮ ቤት ወጥቶ በሥጋው፣ በኩሱና በሠራተኛው እጅ ወደ ሰው የተሻገረ እንደ ሆነ ሐኪም ለታመመ ሕፃን የሚያዝዘው መድኃኒት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ስዊድን በ1986 አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ማብላትን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 መግቢያ ጀምሮ ፈጽሞ አስቀረው፤ አሜሪካም ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን መድኃኒቶች ለዚህ ተግባር ማዋልን በ2017 አቆመች።

መኖ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ቅመም ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው። ጦስኝ፣ ኦሬጋኖ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ ሁሉ በእንፋሎት ሲጣሩ ሽታው የበረታ ተናኝ ዘይት ይወጣቸዋል። የጦስኝን ሽታ በብዛት የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ታይሞል በነጭ አዝሙዳችንም ውስጥ ሞልቷል። እነዚህ ከውኃ ይልቅ ከቅባት ጋር ይስማማሉ። የባክቴሪያም ሽፋን ቅባትነት ስላለው ዘይቱ ሰርጎ ይገባና ያላላዋል፤ ተሐዋሲው እንደ ተበሳ ስልቻ በውስጡ ያለውን እያፈሰሰ ይሞታል።

ይህ በብርጭቆ ውስጥ ነው። የዶሮ አንጀት ግን ብርጭቆ አይደለም። ዘይቱ ብዙውን ጊዜ በላይኛው አንጀት ተመጥጦ ያልቃል፤ ጎጂው ተሐዋሲ የሚኖርበት የታችኛው ክፍል ሳይደርስ ይቀራል። ፋብሪካዎች በቅባት ሽፋን ጠቅልለው የሚያቀርቡት ስለዚህ ነው። ደግሞም ተናኝ ነውና መኖው በእንፋሎት ሞቆ ሲጨመቅ ከፊሉ በንኖ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ጦስኝ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ከአንዱ ተራራ የተለቀመው ታይሞል ሲበዛበት ከሌላው የተለቀመው ካርቫክሮል ሊበዛበት ይችላል፤ ወቅቱና አደራረቁም ይለውጡታል። እንግዲህ የመርማሪዎች ውጤት ቢለያይ አያስደንቅም። በአንዱ ሙከራ ዶሮው ክብደት ይጨምራል ወይም በጥቂት መኖ ያድጋል፤ በሌላው ምንም ልዩነት አይታይም። ልዩነት የሚጠፋው ይልቁንም ቤቱ ንጹሕ፣ ጫጩቱም ጤነኛ በሆነበት ቦታ ነው፤ ዘይቱ የሚዋጋው ጠላት የለማ! ይህን የነጋዴው ወረቀት አይነግረንም። በእኛ አስተያየት ደረቅ ጉዝጓዝና ንጹሕ ውኃ ሳይሟሉ ዘይት መግዛት ጣራው ለሚያፈስ ቤት ምንጣፍ እንደ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የሥጋ ዶሮ በስድስት ሳምንት ውስጥ 4 ኪሎ ያህል መኖ በልቶ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለአንድ ኪሎ መኖ 150 ሚሊግራም ዘይት ቢታሰብ ለኩንታል 15 ግራም ይደርሳል። ከደረቅ ጦስኝ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ዘይት ይገኛል ብንል የአንድ ኩንታል መኖ ድርሻ 1 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ነው ማለት ነው። ለሃምሳ ዶሮ 2 ኪሎ ይሆናል፤ ይህ አያስፈራም። አሥር ሺህ ዶሮ ያለው ሰው ግን 400 ኪሎ ሊፈልግ ነው። የእኛ ጦስኝ ደግሞ በሰሜን ሸዋ፣ በባሌና በመሳሰሉት ደጋዎች የሚበቅል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ተክል ነው፤ ለቃሚውም ከነሥሩ የነቀለው እንደ ሆነ ተመልሶ አይበቅልም። በእርሻ ካልተዘራ በቀር ዶሮዎቹ ሻያችንን ጨርሰው ይጠጡብናል።

ጠያቂያችን ቅጠሉን ቢወቅጡ ጉዳት የለውም፤ ምን ያህል ዘይት እንደ ጨመሩ ግን አያውቁም። ለማወቅ የሚሹ ከሆነ ጫጩቶቹን በሃያ አምስት ሃያ አምስት ከፍለው፣ አንድ ዓይነት ቤትና መኖ ሰጥተው፣ ለአንደኛው ወገን ብቻ ጦስኝ ይጨምሩ፤ በየሳምንቱም የበሉትን መኖና የዶሮዎቹን ክብደት እየመዘኑ ይመዝግቡ። ሃያ አምስት ዶሮ ጥቂት ነውና አንድ ጊዜ የታየው ልዩነት የዕድል ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ይድገሙት። በዚህ መካከል ኩሱ ደም የቀላቀለ ወይም ዶሮዎቹ የደበቱ እንደ ሆነ ጦስኝ እያበሉ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። መዝገቡን ቢልኩልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።